ጉሬዛ አርፏል፣ ኦቨር

፩

«ጎኑን ምታ! ጎኑን! ቂጡን አትምታ፣ ይሰነጠቃል!»

የእድሩ ዳኛ አቶ መኩሪያው ናቸው። ወንዙ ዳር ቆመው፣ ሁለት እጃቸውን አፋቸው ላይ ደግነው ይጮኻሉ። ማዶ፣ ውሃ በከበበው የወፍጮ ቤት ጣራ ላይ፣ ስለሺ የእድሩን ትልቅ ድስት በዱላ ይደበድባል።

ዷ።

ዷ።

ዷ።

፪

እንዴት እዚያ ወጣ?

አባቱ አቶ ይርዳው ሞቱ። ድንኳን ተተከለ። ለሰልስቱ ሰው ሊበዛ ነው፤ የእድሩ ድስት ደግሞ ማዶ ላለ ሌላ ለቅሶ ተውሰውታል። ስለሺ ሊያመጣው ተሻገረ። ሳይመለስ ጉርባ ወንዝ ሞላ፣ ድልድዩን ወሰደ፣ የስልኩንም ማማ ጣለ።

ወፍጮ ቤቱ ግድግዳው ጭቃ ነው። ጣራው ላይ ስለሺ፣ ባለወፍጮዋ ሴትዮና ሁለት ልጆቿ አሉ። ድስቱም አለ። ወዲህ ማዶ እህቱ እቴነሽ ቆማለች። ድስቱ እስከተሰማ ድረስ ወንድሟ አለ።

አንባቢ፣ ይቺን ድምፅ ያዛት።

፫

አቶ ይርዳው የሬዲዮ ሰው ነበሩ። ለዜናው አይደለም፤ ለማውራት። ጣራቸው ላይ የወጠሩትን ሽቦ ጎረቤት ልብስ ያሰጣበት ነበር። ከሥራ ሲመለሱ የመነጋገሪያ ሬዲዮው ሳጥን ፊት ቁጭ ብለው፣ መልካቸውን አይተው ከማያውቋቸው ሰዎች ጋር ስለ ዝናብና ስለ ጉልበት ሕመም ያወራሉ። በሞገዱ ላይ ስማቸው ጉሬዛ ነው።

«ከእኔ ጋር እንዲህ ቢያወራ ኖሮ» ይሉ ነበር ባለቤታቸው ወይዘሮ የሺመቤት።

«ለክፉ ቀን ነው» ይላሉ አቶ ይርዳው።

ክፉው ቀን ተቀብረው እስኪያበቁ ጠበቀ።

፬

እንዲህ ታደርጋለህ፦

ቁልፉን ተጫን። ተናገር። «ኦቨር» በል፤ ጨረስኩ፣ ተራው ያንተ ነው ማለት ነው። ጣትህን አንሳ።

ጣትህን ካላነሳህ የሚመልስልህን አትሰማም። ይህን አቶ ይርዳው እቴነሽን በልጅነቷ ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው አስተምረዋታል። «መጀመሪያ የት እንዳለሽ፣ ቀጥሎ ምን እንደደረሰ፣ ከዚያ ምን እንደምትፈልጊ። ሌላው ወሬ ነው።»

ታሪኩ በቁጥር የተቆራረጠው ለመራቀቅ አይደለም። ሬዲዮ እንዲህ ነው፤ ትናገራለህ፣ ትለቃለህ፣ ትጠብቃለህ።

መብራት ሲጠፋ በመኪና ባትሪ ይሠራል። ባትሪው ካለቀ ግን



፭

እቴነሽ ሳጥኑን ከቤት አውጥታ ወንዙ ዳር ወዳለው ድንኳን አስገባችው። ባትሪው ግማሽ ነው።

እቴነሽ፦ ጉሬዛ ጣቢያ። አስቸኳይ ጥሪ። የሚሰማኝ አለ? ኦቨር።

ሻምበል ጎሹ፣ ከሐይቅ ዳር ከተማ፦ ጉሬዛ! የት ጠፋህ ወንድሜ? ድምፅህ ቀጥኗል፣ ጉንፋን ነው? ኦቨር።

እቴነሽ፦ ልጁ ነኝ። አባቴ —

ወይዘሮ የሺመቤት እጇን ያዙት። «አንቺ! መርዶ እንዲህ በድንገት ይነገራል? ሰውዬው ልቡ ቀጥ ቢልስ!»

«እማዬ፣ ስለሺ ጣራ ላይ ነው!»

«ቢሆንስ! መጀመሪያ ይቀመጥ በይው።»

እቴነሽ፦ ሻምበል፣ ይቀመጡ። ኦቨር።

ሻምበል ጎሹ፦ ተቀመጥኩ። ኦቨር።

«አጠገቡ የሚደግፈው ሰው ይኑር» አሉ አቶ መኩሪያው።

እቴነሽ፦ አጠገብዎ ሰው አለ? ኦቨር።

ሻምበል ጎሹ፦ ድመት አለች። ኦቨር።

አቶ መኩሪያው አሰቡበት። «ይሁን» አሉ።

እቴነሽ፦ ጉሬዛ አርፏል። ኦቨር።





ከዚያ ሻምበሉ እንደ ሕፃን አለቀሱ። ጣታቸውን ከቁልፉ ሳያነሱ።

፮

የወፍጮ ቤቱ አንድ ማዕዘን ተንዶ ውሃ ገባ።

ዷ። ዷ። ዷ። ዷ።

«ምን አጣደፈው?» አሉ አቶ መኩሪያው። «ድስቱ እኮ የሕዝብ ነው።»

፯

ወሬው በሞገዱ ተዛመተ። መምህር ልሳኑ ከደጋ ሞገዱ ላይ ገቡ። እሳቸውን የሚያውቁም ተከትለው ገቡ። ሁሉም የጉሬዛን ደግነት ይናገራሉ፣ ሁሉም ያጽናሽ ይላሉ፣ ሁሉም ተራ ይጠብቃሉ።

«እነዚህም ለቀስተኛ ናቸው» ብለው ፈረዱ አቶ መኩሪያው። «ባዶ አፋቸውን አይሸኙም።»

ሬዲዮው ፊት አንድ ሳህን ንፍሮ ተቀመጠ።

እቴነሽ፦ ወፍጮ ቤቱ ሊፈርስ —

መምህር ልሳኑ፦ አይዞሽ ልጄ፣ ሁሉም ፈራሽ ነው። ኦቨር።

የባትሪውን ኃይል የሚያሳየው መርፌ ዘቅዝቋል።

፰

ለቅሶ ቤት ውስጥ ማንም የማያቋርጠው አንድ ነገር ብቻ አለ።

ሙሾ።

እቴነሽ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረች። የአባቷን ትምህርት በልቧ ቆጠረች፤ የት፣ ምን ደረሰ፣ ምን ይፈለጋል። ቁልፉን ተጫነች።

«ጉርባ ወንዝ ማዶ፣ ከወፍጮው ጣራ ላይ፣
ወንድሜ ቆሟል ውሃው ከቦት፣ ወይ!
ግድግዳው ጭቃ ነው፣ እየተሸረፈ፣
ጀልባ የላከልኝ አራት ነፍስ አተረፈ።»

ድንኳኑ በአንድ አፍ ተቀበላት። ወይዘሮ የሺመቤት ደረታቸውን እየመቱ «ጀልባ! ጀልባ!» አሉ። በሞገዱም ላይ ማንም አላቋረጣት።

፱

መምህር ልሳኑ፦ ወይኔ! እንዲህ ያለ ሙሾ ሰምቼ አላውቅም። ጉሬዛ የታደለ ነው። ኦቨር።

ሻምበል ጎሹ፦ ጀልባ ያለችው ነፍስን የምታሻግረውን ይሆን? ኦቨር።

እቴነሽ፦ የእንጨት ጀልባ! ሞተር ያላት! እናንተ ጋ ዓሣ የሚያጠምዱባት! ኦቨር!

ሻምበል ጎሹ፦ ከኋላሽ የሚጮኸው ምንድን ነው? ኦቨር።

እቴነሽ፦ ወንድሜ ነው። የእድር ድስት እየመታ ነው። የጉሬዛ ልጅ ነው፣ ሻምበል። ኦቨር።

ሻምበል ጎሹ፦ ገባኝ። ልጄ፣ ገባኝ። አሁኑኑ ጀልባዋን ከ

፲

ባትሪ።

፲፩

ፀሐይ ወደ ምዕራብ አዘነበለች። ማንም ንፍሮውን ከሬዲዮው ፊት አላነሳውም።

አቶ መኩሪያው የድንኳኑን ገመድ ያዙ። ሰልስት ካለፈ ድንኳን ይነሳል፤ ደንብ ነው። ሌላ ለቅሶ ካልመጣ በቀር። ዛሬ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፃቸው ዝቅ አለ።

«እቴነሽ። ልጄ። ይነሳ ወይስ ይቆይ?»

ዷ።

ዷ።



ድስቱ ዝም አለ።

ሞተር ደርሶ ነው? ግድግዳው ነው? ወንዙ እንደሆነ ማንንም አያሰማም፣ ይጮኻል። አቶ መኩሪያው ገመዱን እንደያዙ ፊቷን ያያሉ። እናቷም ያያሉ።

እቴነሽ የሞተውን ቁልፍ አሁንም ተጭናው እንዳለች ያኔ ነው ያወቀችው። ጣት ካልተነሳ መልስ አይሰማም።

ጣቷን አነሳች። አሁን ትጠብቃለች።

፲፪