ከአልጋው ሥር ያለው ድምፅ

ሞተሩ አንዋር መስጊድን ሳያልፍ ጠፋ። አሸብር በቀረው ግፊት መሪውን ጠምዝዞ መኪናዋን ወደ ዳር ሊያወጣት ሞከረ፤ ግማሿ መንገድ ላይ ቀረች። ከኋላው ያለው ሚኒባስ ክላክሱን አልለቅ አለ። ቀኑ ዓርብ ነው። ፀሐይዋ አናት ላይ ልትደርስ ነው፤ በየሱቁ ደጃፍ ለጁምዓ ሶላት ምንጣፍና ካርቶን መዘርጋት ተጀምሯል።

"ደግሞ ጠፋች?" አለች ሚስቱ ውባንቺ፣ ከሹፌሩ መቀመጫ ኋላ ካለው መጋረጃ ጀርባ።

"ጠፋች።"

"እንግዲህ ውረድ። እኔን እያየህ አትቀመጥ።"

ውባንቺ አልጋ ላይ ናት። ዳሌዋ ከተሰበረ ወዲህ መቀመጥ አትችልም፤ ታክሲም አውቶቡስም አይሆናትም። የምትሄደው በዚህች መኪና ብቻ ነው። መኪናዋን ያመጧት አገር ላገር የሚዞሩ ፈረንጆች ናቸው። አልጋ፣ ቁም ሣጥንና የእጅ መታጠቢያ ገጥመውላት ሲኖሩባት ቆይተው አዲስ አበባ ላይ ሸጠዋት ሄዱ። አሸብር ከከባድ መኪና ሹፌርነት ጡረታ ሲወጣ ገዛት። ያን ጊዜም አሮጌ ነበረች። የሰፈሩ ሰው "ሆቴሏ" ይላታል።

ጠዋት ከቢቸና ተደውሎ ነበር። የውባንቺ ታላቅ እህት የሻረግ ልትሞት ነው። ልጇ ሀኒ በስልክ፣ ነፍሷ ገና አለ፣ የአክስቴን ስም እየጠራች ነው፣ ዛሬውኑ ድረሱ አለች። ወዲያው ተነሡ። አዲሱ ገበያ ዳገት ላይ ሞተሩ ጠፋ። ቆም ብለው ሲያስነሡት ተነሣ፤ ትንሽ ሄዶ መልሶ ጠፋ። እዚህ ከተማ ውስጥ እንዲህ ያደረገች አባይ በረሃ ውስጥ ምን ታደርጋለች? አሸብር ብዙ መኪና እዚያ ሸለቆ ውስጥ ቆሞ ሲቀር አይቷል። ስለዚህ ሚስቱ እያኮረፈችው ቁልቁል ወደ መርካቶ አዞራት። ይህን ሞተር የሚያውቅ አንድ ሰው አለ፤ ረዲ ነው።

ተሸካሚዎች መጥተው ከበቡ። አንዱ በመስኮት አንገቱን አስገብቶ አልጋውን አየ።

"እማማ፣ ሆቴሉ ባዶ አልጋ አለው?"

"አለው" አለች ውባንቺ። "ሒሳቡ የሚከፈለው በመግፋት ነው።"

ሳቁና ገፉ። መኪናዋ አንድ የጨርቅ ሱቅ ግድግዳ ጥግ ተለጥፋ ቆመች።

አሸብር ቢደውልለት ረዲ የመሣሪያ ሣጥኑን አንጠልጥሎ በእግሩ ደረሰ። ከሶማሌ ተራ በታች መንገድ ዳር የሚሠራ መካኒክ ነው፤ ጋራዥ የለውም። ለጁምዓ የለበሰውን ነጭ ጀለቢያ ሰብስቦ ቱታውን ከላይ ደረበበት። ሰላምታውን አሳጠረና ገና ሞተሩን ሳይከፍት መጠየቅ ጀመረ። ጠዋት ስትነሣ ታስቸግራለች? አታስቸግርም። ጉልበቷ እየከዳት ነው የምትጠፋው ወይስ በድንገት? እየከዳት። ቆማ ስትቀዘቅዝስ? ምንም እንዳልሆነች ትነሣለች።

ረዲ የናፍጣ ማጣሪያውን ፊልትሮ ፈትቶ አየው፤ ንጹሕ ነው። ናፍጣውን ወደ ሞተሩ ወደሚገፋው ፖምፓ የሚገባውን ቱቦ አላላው፤ ናፍጣው መጣ። እጁን ጠርጎ ሲያበቃ ከጨርቅ ሱቁ አንድ ጆግ ውሃ ለመነና ቀስ እያለ ፖምፓው ላይ አፈሰሰው። ብረቱ ጢስ የመሰለ እንፋሎት አወጣ።

"አሁን ያስነሡዋት።"

አሸብር ቁልፉን አዞረ። ተነሣች።

ረዲ ነዳጅ መስጫውን ራሱ በእጁ ይዞ ሞተሩን አስጮኸው። ለረጅም ጊዜ አስጮኸው። ድምፁ ቀስ በቀስ ሰለለ፤ ተንገጫገጨችና ጠፋች።

"ፖምፓው ነው ጋሼ" አለ። "ውስጡ ተበልቷል። ሲሞቅ ይለቃል፣ ሲቀዘቅዝ ይይዛል። በዓይንዎ አይተዋል።"

አሸብር አይቷል። የውሃውን ዘዴ ያውቀዋል፤ በአሰብ መንገድ እሱም አድርጎታል። ሆኖም ሆዱ አልተቀበለውም። መርካቶ ውስጥ ሰው መኪናውን ለመካኒክ ሰጥቶ አይሄድም። ጀሪካን ላይ ይቀመጣል፣ የሚፈታውን ብሎን ሁሉ በዓይኑ ይከተላል። ደኅናው ዕቃ ወጥቶ የሞተው የሚገባበት ጊዜ ብዙ ነው። የፈረንጆቹ ፖምፓ ደግሞ ዛሬ ፈልገው የማያገኙት ዕቃ ነው።

ረዲ ደወለ። አሮጌ የመኪና ዕቃ የሚሸጠው ሱፍያን በጆንያ የተጠቀለለ ፖምፓ ተሸክሞ መጣ። አሸብር ጆንያውን ገልጦ ብረቱን አገላበጠው።

"ከጅቡቲ የገባ ነው ጋሼ። ገና ትኩስ ነው" አለ ሱፍያን።

"ትኩስ የሆነው አሁን ዘይት ስለቀባኸው ነው።"

"ወላሂ ተጠርጎ ነው እንጂ..."

"አሮጌውን እኔ ነኝ የምወስደው" አለ አሸብር ወደ ረዲ ዞሮ። "ከተፈታባት ደቂቃ ጀምሮ እጄ ላይ ነው የሚሆነው።"

ረዲ ቀና አለ። ፊቱ ጠቆረ። "ይውሰዱት። ማታ ማታ ትራስዎ ሥር ያድርጉት። ስንት ዓመት ሠርቼልዎታለሁ ጋሼ አሸብር? አንድ ቀን ሌባ ብለውኝ ያውቃሉ?"

"ሌባ አላልኩህም።"

"አላሉኝም። በዓይንዎ ነው ያሉኝ።"

ከውስጥ የውባንቺ ድምፅ መጣ። "ለመጣላት ጊዜ አላችሁ አይደል? እህቴ ግን ጊዜ የላትም።"

አሸብር ሥራው መቼ እንደሚያልቅ ጠየቀ። ከሶላት መልስ ተጀምሮ ሊመሽ ሲል ያልቃል አለው ረዲ። ዛሬ መድረስ ቀረ ማለት ነው። አሸብር ፍታው አለ። ሁለት ብሎኖች እንደላሉ አዛን ተሰማ። ረዲ ቱታውን አወለቀ፣ እጁን በሳሙና ታጠበና ወደ ሰጋጆቹ ሰልፍ ገባ። ሱፍያንም ጆንያውን ጎማው ሥር ትቶ ተከተለው። አደራ እንኳ አላለም።

መንገዱ ሞላ። ሰዉ ከመስጊዱ በር ጀምሮ እስከ መኪናዋ አፍንጫ ድረስ ተሰደረ። አሸብር ቆሞ መታየቱን ስላልወደደው የጎኑን በር ከፍቶ ደፉ ላይ ተቀመጠ። ሺህ ሰው በአንድ ጊዜ ሲያጎነብስ የልብሱ ድምፅ ብቻ ይሰማል፤ ከዚያ እሱም ይጠፋል።

ቋ።

"ሰማህ?" አለች ውባንቺ በሹክሹክታ።

"ምኑን?"

"ቆርቆሮውን። ከሥሬ ያለውን።"

"መንገዱ ነው።"

"ጠዋትም መንገዱ ነው አልከኝ። አሁን በየት መንገድ እየሄድን ነው?"

ውባንቺ ጉንጯን ከፍራሹ ላይ ሳታነሣ ተናገረች። አዲሱ ገበያም፣ መልስ ላይም፣ ረዲ ሲያስጮኸውም እንደዚያው ነበር አለች። ሞተሩ ከመድከሙ በፊት ከአልጋው ሥር ያለው ነገር ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል። ስንቆም ደግሞ ቆይቶ ይመለሳል። ባዶ የዘይት ቆርቆሮ በእጅ ጨምቀው ሲለቁት እንደሚጮኸው።

ከአልጋው ሥር ያለው የናፍጣው ጋን ነው።

አሸብር ቀስ ብሎ ተነሣ። በመኪናዋና በግድግዳው መካከል በጎኑ እየታከከ ገባ። የጋኑ አፍ በዚያ በኩል ነው። ነዳጅ በጠፋበት ሰሞን ሌቦች በየሰፈሩ የቆመ መኪና ሁሉ በቱቦ እየመጠጡ ሲያራቁቱ እሱም መላ ፈጥሮ ነበር። ክዳኑ ላይ ፌስታል ደራርቦ፣ በብስክሌት የውስጥ ጎማ ጠምጥሞ፣ በሽቦ አሰረው። ከዚያ ወዲህ ከከተማ ወጥቶ አያውቅም፤ አጭር መንገድ ሲሄድ አላስቸገረችውም። ለጎረቤት እንኳ ሲያሳይ፣ አየር አያስገባም ይል ነበር።

ሽቦውን ፈታ። ጎማውን ገፈፈ፣ ፌስታሉን ቀደደ፣ ክዳኑን በሁለት እጁ አዞረ።

ጋኑ ተነፈሰ። ወደ ውጭ ሳይሆን ወደ ውስጥ፣ ሰምጦ እንደወጣ ሰው ረጅም ትንፋሽ ሳበ። ከዚያ ቆርቆሮው ቋ! ቋ! ብሎ ተመለሰ። በመጨረሻው ሰልፍ ያለ አንድ ሽማግሌ ትከሻው ነጠር አለ፤ ግን አልዞረም።

አሸብር ክዳኑን ይዞ ግድግዳውን ተደገፈ። ሞተሩ ናፍጣ ይስባል፤ በቦታው አየር አይገባም፤ ጋኑ ይጨማደድና ናፍጣው እምቢ ይላል። ሲቆሙ አየሩ በቀጭን ቀዳዳ ቀስ ብሎ ይሰርጋል፤ ያኔ ትነሣለች። ቅድም ያስነሣት ውሃው አልነበረም፤ መቆሟ ነበር። የጨርቅ ሱቁ ሰውዬ ውሃ እስኪያመጣ ያለፈው ጊዜ ነው።

ሰዉ ሶላቱን ጨርሶ ምንጣፉን ሲያራግፍ ረዲ ተመለሰ።

"ብሎኖቹን መልሳቸው" አለው አሸብር።

ረዲ ቆመ። "እሺ። ሌላ መካኒክ ይፈልጉ። አልቀየምም።"

"እሱ አይደለም።" ፌስታሉንና ጎማውን ዘረጋለት።

ረዲ ተቀበለው። ፌስታሉን አየ፣ የጋኑን አፍ አየ፣ ከዚያ ተንበርክኮ ጋኑን ከሥር በቡጢ አንኳኳው። ሲነሣ ከንፈሩን እየነከሰ ነበር።

"እኔ ደግሞ ፖምፓውን ውሃ አጠጣሁት" አለ። "ማን ነው ያገኘው?"

"እሷ።"

ረዲ በበሩ በኩል ጎንበስ ብሎ ወደ አልጋው ተመለከተ። "እትዬ፣ ከእንግዲህ ከኔ ጋር ነው የሚሠሩት።"

"ሥራህን ጨርስ" አለችው።

ብሎኖቹን መልሶ አጠበቀ። ክዳኑን ድንጋይ ላይ አስቀምጦ አየር እንዲያስገባ በምስማር በሳው። ሱፍያን ፖምፓውን በጆንያው ጠቅልሎ፣ ዘይቱን በከንቱ ነው የጨረስኩት እያለ ሄደ። ሞተሩ ተነሣ። ረዲ ነዳጅ መስጫውን ይዞ አስጮኸው። ቅድም ከጠፋችበት ጊዜ ሁለት እጥፍ ያህል አስጮኸው፤ አልጠፋችም።

"አባይን ትወጣለች?" አለ አሸብር።

"አልምልም። ፖምፓው ስንት ጊዜ ናፍጣ አጥቶ በባዶው ሠርቷል፤ ምን እንደደረሰበት አላውቅም። ነገ ሱሉልታ ድረስ ብንሞክራት ነበር የሚሻለው።"

"ረዲ" አለች ውባንቺ። "እህትህ ብትሆንስ?"

ረዲ እጁን በጨርቅ ጠረገ። ወደ አሸብር አላየም። "እህቴ ብትሆን እስካሁን ፍቼን አልፌ ነበር እትዬ።"

ወጡ። ሰዉ ከመንገዱ ገና አልተበተነም፤ አሸብር እየተለማመጠ በመሃሉ አለፈ። ጎጃም በረንዳን፣ ከዚያም ሰሜን ማዘጋጃን ጥሎ አዲሱ ገበያ ደረሰ። ጠዋት የቆሙበት ዳገት ጀመረ። ማርሹን ቀነሰና ጆሮውን ጣለ። ሞተሩ ያጓራል እንጂ አይደክምም።

"ከሥርሽስ?" አለ።

"ዝም ብሏል።"

ዳገቱን ጨረሱ። ባሕር ዛፉ ከመንገዱ ግራና ቀኝ ቆመ፤ ነፋሱ ቀዘቀዘ። ከጠዋት ጀምሮ ያልተነፈሰ ይመስል አሸብር በረጅሙ ተነፈሰ። ውባንቺ፣ ቢመሽብንም ግድ የለም፣ የሻረግ ማታ ነው ሰው የምትለየው አለች። ይህን ያለችው ለራሷ ነው።

ሱሉልታ መግቢያ ላይ ስልኩ ጮኸ። ሀኒ ናት። አሸብር በአንድ እጁ አነሣው።

"ጋሼ፣ የት ደረሳችሁ?"

"ሱሉልታ። መኪናዋ አስቸግራን ነው፤ አሁን ደኅና ናት።"

ከኋላዋ ብዙ ሰው ያለበት ቤት ድምፅ ይሰማል። "አክስቴ አጠገብዎ ናት?" አለች፤ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

አሸብር ጥያቄውን ያውቀዋል። የሞት ወሬ ለእህት በስልክ አይነገርም። ባል ይሰማል፣ ይውጠዋል፣ ፊቱን አስተካክሎ ይነዳል፤ እዚያ ሲደርሱ ዘመድ ተሰብስቦ ያረዳታል። ወጉ ይህ ነው። ማለት ያለበትም አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አዎ፣ ቆይቼ እደውልልሻለሁ። ቃሉ አፉ ላይ ደርሷል።

"ማን ነው?" አለች ውባንቺ ከመጋረጃው ኋላ።

ከዚህ እስከ ቢቸና ያለው መንገድ ረጅም ነው። እሷ ተኝታ፣ ጆሮዋን ፍራሹ ላይ ጥላ፣ እያንዳንዷን ዝምታውን እየሰማች ትሄዳለች።

"ሀኒ፣ አንድ ጊዜ ቆዪ" አለ።

መኪናዋን ወደ ዳር አወጣና የእጅ ፍሬኑን ሳበ። ከመቀመጫው ተነሥቶ መጋረጃውን ገለጠ። ስልኩን መዳፏ ላይ አስቀመጠላትና አልጋው ጠርዝ ላይ አጠገቧ ተቀመጠ። ሞተሩን አላጠፋም።