በበሩ ጀርባ ያለው ጭረት

በመርከቡ ልብስ ማጠቢያ ስሠራ ይኸው ስድስተኛ ዓመቴ ነው። መርከቡ ለሽርሽር የመጡ ሰዎችን ከወደብ ወደብ ያዞራል፤ እኛ ደግሞ ከውሃው ልክ በታች ሆነን አንሶላቸውን እናዞራለን።

በዚህኛው ጉዞ መርከቡ ውስጥ ተቅማጥና ትውከት ገባ። በዘጠነኛው ቀን ከዩኒቨርሲቲ የተላከች አጥኚ ተሳፈረች። በሽታ መርከብ ላይ ከማን ወደ ማን እንደሚሄድ ነው የምታጠናው። ሠራተኛውን በተራ እየጠራች ስትጠይቅ የእኔ ተራ ደረሰ።

«ምልክት አለዎት?» አለች ወረቀቷን እያየች።

«አለኝ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከተነሳን ጥቂት ቀን ቆይቶ።»

«በቀን ስንት ጊዜ?»

«ሲብስ አሥራ አምስትም ይደርሳል።»

ወንበሯን ወደ ኋላ ሳብ አደረገች። «አሥራ አምስት? ታዲያ እንዴት ቆመው ይሠራሉ?»

«ቆሜ ነዋ! ተኝቼ በር ላይ ልጭር ነው?»

ለካ እሷ የምትለው የበሽታ ምልክት ነው፤ የእኔ የእርሳስ ነው። በሽተኛ ያቆሸሸው አንሶላ በቀይ ከረጢት ታስሮ ይመጣና ለብቻው በፈላ ውሃ ይታጠባል። ትምህርቴ ከሁለተኛ ክፍል አላለፈም፤ መዝገብ ያደክመኛል። ስለዚህ ማጠቢያው በር ጀርባ ቀኑንና ፎቁን ለይቼ ለአንድ ከረጢት አንድ ጭረት አደርጋለሁ። አለቃችን «በሩን አታቆሽሺ» እያለ ድሮ ሁለቴ አስጠፍቶኛል። ቀጥዬ ጫርኩ።

አጥኚዋን ወስጄ አሳየኋት። እየሳቀች ነው የገባችው፤ በሩን ስታይ ሳቋ ቆመ።

«የሐኪሙ መዝገብ የመጀመሪያው በሽተኛ በአምስተኛው ቀን፣ ሰባተኛ ፎቅ ይላል» አለች። «እዚህ ግን ሦስተኛው ቀን ላይ፣ ሁለተኛ ፎቅ አንድ ጭረት አለ። ሁለተኛ ፎቅ የሠራተኛ መኝታ አይደለም እንዴ? ይቺ የማን ናት?»

የእህቴ ልጅ ናት። አንድ ክፍል ነው የምንተኛው፤ ሥራም ያስገባኋት እኔ ነኝ። በተሳፋሪዎች ምግብ አዳራሽ ውስጥ ሾርባ በጭልፋ የምታወጣው እሷ ናት። ያን ቀን ስታስመልስ «አክስቴ፣ ባሕሩ ነው ያናወጠኝ» አለችኝ፤ አመንኳት። አንሶላዋን አጠብኩ፣ እንደ ልማዴ ጫርኩ፣ ረሳሁት። የመርከቡ ደንብ ደግሞ አጭር ነው፦ የታመመ ሠራተኛ በሚቀጥለው ወደብ ይወርዳል፣ ሌላ ይተካል። ወደብ ለመድረስ ሁለት ቀን ቀርቶናል።

«ስም አልጽፍም» አለች አጥኚዋ።

«ባትጽፊስ? ጭረቷ የእኔ ክፍል ናት፤ ክፍሉ ውስጥ ሁለት ነን፤ እኔ አልታመምኩም። ይሄን ለማወቅ ዩኒቨርሲቲ መግባት ያስፈልጋል?»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ። እኔው ተናግሬ ጨረስኩ።

«ካፒቴኑን እኔ አነጋግረዋለሁ» አለች ቀስ ብላ።

«እሱን ታነጋግሪዋለሽ። አሁን ግን ታማ ለምን ሾርባ ስታወጣ እንደዋለች ጻፊ። ደንቡን ጻፊ። ያለዚያ ይሄን በር በበረኪና አጥበዋለሁ።»

«እያስፈራሩኝ ነው?»

«ማጠብ ሥራዬ ነው፣ ልጄ።»

እዚያው የንጹሕ አንሶላ ክምር ላይ ቁጭ ብላ ጻፈችና አነበበችልኝ። «ሠራተኛዋ የምትባረር መስሏት ሕመሟን ደብቃለች» ይላል።

«መስሏት አይደለም» አልኩ። «‹ስለምትባረር› በዪ።»

ሰርዛ አስተካከለች።

ከሰዓት በኋላ አጥኚዋ የእህቴን ልጅ ጠርታ ጠይቃት ኖሮ፣ ማጠቢያው ድረስ እየነደደች መጣች። «ለእናቴ ምን ልትያት ነው? ልጅሽን አሳልፌ ሰጠኋት?»

«ሰባተኛ ፎቅ የታመሙት ሽማግሌ ተሳፋሪ ውሃ እንኳ ሆዳቸው ውስጥ አይረጋላቸውም። እሳቸውንም ባሕሩ ነው ያናወጣቸው?»

ዞራ ወጣች። ራሷ ሐኪሙ ዘንድ ሄዳ ተናገረች።

ወደብ ስንደርስ አለቃችን ስም እየጠራ አራት ሠራተኛ ከነሻንጣቸው አወረደ። የእሷ አልተጠራም። አጥኚዋ ካፒቴኑን «እሷን ካወረድክ ከእንግዲህ ታምሜአለሁ የሚልህ ሰው አታገኝም» አለችው አሉ። ለአራቱ ግን ማንም አልተናገረላቸውም። እነሱም እንደ እሷው ታመው ነው፤ አክስት የላቸውም።

የእህቴን ልጅ ከምግብ አዳራሽ አንስተው እኔ ጋ መደቧት። ይኸው ሳምንት ሙሉ ፊት ለፊቴ ቆማ አንሶላ ታጥፋለች፤ አታናግረኝም። እኔም አልለማመጥም። ጫፉ ሲያመልጣት ብቻ «ሳቢው» እላታለሁ። ትስበዋለች።