ጉልበት የሌለው ሻምፒዮን

ደምሰው ሁለቱንም ጉልበቶቹን ያጣው ከታናሽ ወንድሙ ጋር ሲከራከር ነው። አልተመታም፣ አልወደቀም። ከጭኑ እስከ ቁርጭምጭሚቱ እግሩ ወጥ ሆነ፤ የሚታጠፍበት ቦታ ጠፋ። ስላላመመው ክርክሩን ቀጥሎ ነበር። ነገሩን ያወቀው በንዴት እንደቆመ ተመልሶ ልቀመጥ ሲል ነው።

ክርክሩ ስለ አሻንጉሊት ነበር። ልጆች ሳሉ፣ የጅቡቲን መንገድ በከባድ መኪና ይመላለስ የነበረው አባታቸው ሁለት የሬስሊንግ አሻንጉሊቶች አምጥቶላቸው ነበር፤ ባለቀይ ቁምጣውን ለደምሰው፣ ባለሰማያዊውን ለልዑልሰገድ። ሰማያዊው አንገቱ ይዞራል፣ ክርኑና የእጁ አንጓ ይታጠፋል፣ ወገቡ ይጎነበሳል፣ ይንበረከካል። ቀዩ ትከሻው ብቻ ነው የሚሽከረከረው፤ ሌላው አካሉ አንድ ወጥ ጎማ ነው። ደምሰው አዳማ ላይ የመኪና መለዋወጫ ሱቅ ከፍቶ፣ ልዑልሰገድ ልጅ ለመዳር ደርሶ እንኳ አሻንጉሊት መሰብሰባቸውን አልተዉም። ደምሰው ወጥ ወጡን ይሰበስባል፣ ልዑልሰገድ መታጠፊያው የበዛውን። በየዓመት በዓሉ ጠረጴዛ ላይ ደርድረው መገጣጠሚያ ያወዳድራሉ፤ በየዓመት በዓሉም ተኳርፈው ይለያያሉ።

በዚያ ቀን ልዑልሰገድ ሰማያዊውን አንበረከከው። እጆቹን በቀዩ ወገብ ላይ ጠምጥሞ አነሣና ወረወረው። ቀዩ እንደ ዘነዘና ተንከባለለ።

«ያንተማ መውደቅ እንኳ አይችልበትም» አለ ልዑልሰገድ።

የደምሰው ደም ፈላ። የሚታጠፍ ነገር ጨርቅ ነው አለ። ሻምፒዮን አይንበረከክም፤ የማይንበረከክ ሰው ጉልበት ምን ያደርግለታል አለ። ጉልበቶቹ የሄዱት ያን ጊዜ ነው።

ሐኪሙ የራጁን ፎቶ ወደ መብራቱ አንሥቶ አየና አጥንቱ አንድ መሆኑን ነገረው። ስብራት የለም፣ ስለዚህ የሚጠገንም ነገር የለም። ሱሪውን ተኝቶ እንዲለብስ መከረው።

«በተረፈ አይቆጡ» አለው።

ደምሰው በዚህም ተቆጣ። ከክሊኒኩ ሲወጣ ክርኖቹ አልነበሩም።

ቤቱ ገብቶ ግድግዳ ተደግፎ ቆመ። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ብቻውን ነው የሚኖረው። እጁ አፉ ጋ አልደርስ ስላለ የልዑልሰገድ ልጅ ቤዛዊት እየመጣች ታጎርሰው ጀመር። ቤዛዊት ቅዳሜ ሙሽራ ናት። እሱ የቤተሰቡ ታላቅ፣ የአባታቸው ምትክ ነው፤ ሙሽሮቹ ጉልበት ስመው የሚመረቁት በእሱ ነው። እሱ ግን በየጉርሻው መሃል የወንድሙን ደጃፍ ዳግመኛ እንደማይረግጥ ይምላል። እሷም አላምጦ እስኪውጥ ትጠብቃለች።

አንድ ረፋድ ላይ፣ ይህን ያህል ያናደደው ምን እንደሆነ ጠየቀችው። አሻንጉሊቱ ነው አላት። የአሻንጉሊት ንዴት ይህን ያህል ዕድሜ የለውም ብላ አላመነችውም።



«አባታችን ሁለቱንም ከአንድ ጋዜጣ ውስጥ ፈታቸው» አለ ደምሰው። «አንዱን ለእኔ፣ አንዱን ለአባትሽ ዘረጋ። እኛን እንኳ አላየም። ዓይኑ መኪናው ላይ ነበር። አይቶ መጥፎውን ቢሰጠኝ ኖሮ፣ ምን እንዳጠፋሁ እጠይቀው ነበር።»

ይህን ሲናገር የቀኝ ክርኑ በትንሹ ታጠፈ፤ መዳፉም የልጅቱ ትከሻ ላይ አረፈ። ሁለቱም አዩት። ቅዳሜ እመጣለሁ አላት።

ወዲያው በሩ ተንኳኳ። ልዑልሰገድ ነበር። ሽማግሌ ሳይልክ ራሱ መጥቷል፤ ሰማያዊውን አሻንጉሊት በሁለት እጁ ይዞታል።

«ጋሼ፣ ከድሮም ያንተ መሆን ነበረበት» አለ። «ውሰደው።»

እርቁ እዚያው ሊያልቅ ይችል ነበር። ልዑልሰገድ እንባ አቅርሮ ነበር። ደምሰው ግን አሻንጉሊቱን ሲያይ ያ ሁሉ ዘመን ደረቱ ላይ ወጣበት። አባቱ ሳያይ የነፈገውን፣ ታናሹ አይቶ ሊመጸውተው የመጣ መሰለው። ምጽዋት አልቀበልም ብሎ ጮኸ፤ ጎረቤት ሁሉ ሰማው። ወንድሙን ሌባ አለው። ከዚያም ይረግመው ጀመር። እርግማኑ መሃል ላይ የተመለሰው ክርን ሄደ፣ ወገቡም ወጥ ሆነ፣ አንገቱም ተከተለ። መጨረሻ ላይ መንጋጋው ገጠመ፤ የተቀረው ቃል ከጥርሱ ጀርባ ቀረ።

ልዑልሰገድ አሻንጉሊቱን ወለሉ ላይ አስቀምጦ የወንድሙን ጉንጭ በጣቶቹ ዳበሰ።

«የተገጠመበት ስፌት እንኳ የለውም» አለ ለልጁ።

ቤዛዊት ያለ አጎቷ አልዳርም ብላ ቁርጡን ተናገረች። እመጣለሁ ብሎኛል፣ ይመጣል አለች። ስለዚህ ቅዳሜ ጠዋት ሱፉን ጀርባው ላይ ተርትረው አለበሱትና መልሰው ሰፉት። ፒክአፕ ላይ አቆሙት፤ ነፋሱ ዓይኑን እንዳይመታው ፊቱን ወደ ኋላ አድርገው በገመድ አሰሩት። ልዑልሰገድ አጠገቡ ቆሞ ደገፈው። ደምሰው የወንድሙ እጅ ወገቡ ላይ መሆኑ አንገበገበው። ከጥርሱ ጀርባ ያለው ቃል አሁንም እዚያው ነው፤ እርግማን ይሁን ሌላ ነገር ራሱም አልለየውም።

መኪናው ዋናው መንገድ ላይ ወጣ። በዛፍ ጥላና በሻይ ቤት በረንዳ ላይ የተቀመጡት ሰዎች፣ ሽማግሌ በክብር ቆሞ ሲያልፍ አይተው እንደ ወጉ ብድግ አሉ።

«ኖር» አሉ።

«በእግዜር» ብሎ የሚያስቀምጣቸው ድምፅ አልመጣም። መኪናው በዝግታ አለፈ። ቀጥሎ ያሉትም ተነሡ፤ ከእነሱም ቀጥሎ ያሉት።

ደምሰው ፊቱ ወደ ኋላ ስለሆነ ሁሉንም ያያል። መንገዱ ግራና ቀኝ፣ ዓይኑ እስከሚደርስበት ድረስ፣ ሰው ሁሉ ቆሟል። ሻይ የያዘው ብርጭቆውን እንደያዘ ነው። ጫማ የሚያስጠርገው በአንድ እግሩ ካልሲ ብቻ ቆሟል። አንዲት አሮጊት ልትቀመጥ ፈልጋ በርጩማዋን በእጇ ወደ ኋላ ፈለገች። አገኘችው፤ ጉልበቷ ግን አልታጠፈላትም።