አፉ ሳይዘጋ

"አፉ ቀረ!" ሲል ጮኸ ጆሮ እያሉ የሚጠሩት ድምፅ ቀጂ ከመስታወቱ ወዲያ። "ድምፅህ አልቆ የተዋናዩ ከንፈር ባዶውን ቀረ። እንደገና!"

ነጎድጓድ ማይኩን አፍጥጦ አየውና የጆሮ ማዳመጫውን አወለቀ። ቀጭን፣ አንገተ ረጅም ሰው ነው፤ ከዚያ አካል ውስጥ ያ ነጎድጓድ ያሰኘው ድምፅ ከየት እንደሚወጣ የወለደችው እናቱም የምታውቅ አይመስልም። ለውጭ አገር ተከታታይ ድራማዎች በአማርኛ ድምፅ መስጠት ከጀመረ ወዲህ ንጉሥም፣ ሽፍታም፣ የልብ ሐኪምም ሆኗል። ዛሬ ግን አንዲት ቃል አላላውስ አለችው።

"እኔ ምን አጠፋሁ? ፈላስፋዋን ጠይቋት" አለ ወደ ተርጓሚዋ በአገጩ እየጠቆመ።

ተርጓሚዋ ከጆሮ ጎን ተቀምጣ ስክሪኑ ላይ ዐይኗን ተክላለች። ድራማው ዓመት ሙሉ ሰውን ከቤቱ አላስወጣ ብሎ የከረመ ነው፤ የሚቀዳው የመጨረሻው ክፍል፣ የመጨረሻው ንግግር ነው። ባልየው በመኪና አደጋ ትዝታው ሁሉ ጠፍቶበታል። ሚስቱን አያውቃትም፣ ልጁን አያውቀውም፣ የራሱን ስም እንኳ የተዋሰው ይመስል እየተጠነቀቀ ነው የሚጠራው። በመጨረሻው ትዕይንት ሚስትየዋ በር ላይ ቆማ "አሁንም አንተ ነህ?" ትለዋለች። እሱም ይመልስላታል። ያስቸገረችው ያቺ መልስ ናት። በውጭው ቋንቋ ቅንጥብጣቢ ነገር ናት፤ አፉ ይከፈታል፣ ምላሱ ብልጭ ይላል፣ ከንፈሩ ይሾላል፣ አለቀ። "እኔማ ያው እኔው ነኝ" ሲያስብሉት አፉ ከተዘጋ በኋላ ድምፅ ይተርፋል። "እኔ ነኝ" ሲያስብሉት ደግሞ ከንፈሩ ሾሎ ድምፅ ያጣል።

ሥራ አስኪያጁ ጠዋት ብቅ ብለው "'እኔ ነኝ' በሉትና ገላግሉት፤ ከምሳ በፊት ለጣቢያው መላክ አለበት" ብለው ሄደዋል።

"እውነት ግን 'እኔ ነኝ' ቢል ምን ይጎድለዋል?" አለች እማማ። እማማ የሚሏት አርጅታ አይደለም፤ ገና ወጣት ናት፤ በየድራማው የአሮጊት ድምፅ ስለምትሰጥ ነው። በዚህኛው ግን ሚስትየዋ ደርሳት ዓመቱን ሙሉ እንደ ሙሽራ ስትሽኮረመም ከርማለች።

"ይዋሻላ!" አለች ተርጓሚዋ። "እሱ መሆኑን በምን አወቀ? ሕዝቡ ዓመት ሙሉ 'ሰውዬው ያው ሰውዬ ነው ወይስ ሌላ ነው?' እያለ ሲጨቃጨቅ ከርሞ፣ እሱ በሁለት ቃል ይገላገላል?"

"ያው ነዋ!" አለ ነጎድጓድ። "የኔን ቡድን አታይም? ልጅ ሆኜ ከነበሩት ተጫዋቾች አንድ የቀረ የለም። አሠልጣኙ ተቀየረ፣ ሜዳው ፈርሶ ተሠራ፣ ማልያው እንኳ ቀለሙን ለወጠ። ሲሸነፍ ግን እኔ ያው እራት አልበላም።"

"ታዲያ ቡድኑ ምኑ ነው?"

"ስሙ ነዋ!"

"ነገ ባላንጣችሁ ስሙን ቢወስደውስ? እነሱን ልትደግፍ ነው?"

"አንቺ ሴትዮ፣ ክፉ ነሽ" አለ ነጎድጓድ።

"የኔዋስ ሚስት?" አለች እማማ። "መሃል ላይ ተዋናይዋ በሌላ ተቀየረች አይደል? 'ይቺን ደግሞ ከየት አመጣችሁብን' እየተባለ ስንት ተደወለ! አሁን የድሮዋን ማን ያስታውሳታል? ድምፄ ግን አልተቀየረም። ስለዚህ ሚስትየዋ እኔ ነኝ ማለት ነው።"

"ፊት የሌላት ሚስት" አለ ጆሮ፤ ሁሉም ከት ብለው ሳቁ።

እንዲህ ናቸው። ዩኒቨርሲቲ ውስጥ አፍ የሚያደርቅ ስም የተሰጠውን ጥያቄ እነዚህ በኳስና በድራማ ቆራርሰው ይጎርሱታል። ተርጓሚዋ ይህን ትወድላቸዋለች። ፍልስፍና ያጠናችው እሷ ናት፤ ጥያቄው ሥጋ ለብሶ ያየችው ግን እዚህ፣ ግድግዳው በስፖንጅ በተለበጠ ጠባብ ክፍል ውስጥ ነው። እዚህ እንደምትሠራ ግን ለማንም ነግራ አታውቅም፤ በተለይ ለአባቷ።

አባቷ የከባድ መኪና መካኒክ ነበር፤ የሚኖረው ራቅ ባለ ከተማ ነው። ፍልስፍና ልታጠና ነው ሲባል የጋራዡ ሰዎች "ስትመረቅ የትኛው ፋብሪካ ነው የሚቀጥራት?" እያሉ ሲስቁበት፣ እሱ ጥቁር ዘይት የነካውን እጁን እየጠረገ "ልጄ አሳቢ ናት" ይላቸው ነበር። ያ ቃል ይከብዳታል። ለዚህ ላበቃት ሰው የፍቅር ድራማ እተረጉማለሁ ማለት አፏ ላይ አልመጣ ብሏት፣ "ቢሮ ነው የምሠራው" ብላ አልፋዋለች። በየድራማው መጨረሻ ጆሮ ስሟን ላስገባው ሲላት "'ትርጉም፣ በስቱዲዮው' በልና እለፈው" የምትለውም ለዚሁ ነው። የአባቷ ስም ከስሟ ኋላ ተከትሎ ይወጣላ።

ስልኳ ተንቀጠቀጠ። ራሱ ነው። ወደ መተላለፊያው ወጣች።

"አባዬ፣ እንዴት ነህ?"

"አለሁ።" እናቷ ካረፈች ወዲህ መልሱ ይህ ነው። ደህና ነኝም አይልም፣ ደህና አይደለሁምም አይልም። "እንዲያው ድምፅሽን ልስማ ብዬ ነው። ሥራ ላይ ነሽ?"

"አዎ፣ እየ..." መስመሩ ተቆራረጠ፤ ጸጥ አለ።

"ሄሎ? ልጄ? አለሽ?"

"አለሁ፣ አለሁ አባዬ!" አለችና ቃሏን በሹክሹክታ ደገመቻት።

"ምን አልሽኝ?"

"አባዬ፣ ቆይ መልሼ ልደውልልህ። አደራ፣ ከስልኩ አትራቅ።"

በሩን በትከሻዋ ገፍታ ገባች። "ሚስትየዋ ስትጠይቀው ጀርባዋን ሰጥታናለች አይደል? አፏ አይታይም። የፈለግነውን ልናስጠይቃት እንችላለን። እማማ፣ 'አሁንም አንተ ነህ' የሚለውን ተይው። 'አለህ?' በይው፤ በቃ። አንተ ደግሞ 'አለሁ' በላት።"

"አለሁ" አለ ነጎድጓድ እየቀመሳት። አፉ ተከፈተ፣ ምላሱ ብልጭ አለ፣ ከንፈሩ ሾለ። "ወይ ጉድ! ልክ ነው እኮ!"

እማማ ማይኩ ፊት ቆመች። "አለህ?" አለች፤ የሚያስፈራ ጨለማ ክፍል በር ላይ እንደቆመ ሰው፣ በቀስታ። ስክሪኑ ላይ ሰውዬው ቀና አለ። ነጎድጓድም ያን ሁሉ ድምፁን ወደ ሆዱ መልሶ፣ በትንፋሽ ብቻ፣ "አለሁ" አላት። ከንፈሩና ድምፁ እኩል ዝም አሉ። ጆሮ እጁን ከማሽኑ ላይ አነሣ። እማማ ዐይኗን ስትጠርግ ማንም አላሾፈባትም።

"ጽሑፉ እንዲህ ነው እንዴ የሚለው?" አሉ ከኋላ። ሥራ አስኪያጁ መቼ እንደገቡ ያየ የለም።

"አይደለም" አለች ተርጓሚዋ።

"ታዲያ?"

"'እኔ ነኝ' ለማለት ማን እንደሆነ ማወቅ አለበት፤ ሰውዬው ደግሞ አያውቅም። 'አለሁ' ለማለት ግን የሚጠራው ሰው ካለ ይበቃዋል። ጠራችው፣ ሰማት። ከዚህ በላይ የቀረው ነገር የለም፤ ይህን ግን ማንም አይወስድበትም።"

ሥራ አስኪያጁ ትዕይንቱን አስደግመው አዩት። መነጽራቸውን አውልቀው በሸሚዛቸው ጫፍ ጠረጉ። "ጣቢያው ማነው የለወጠው ቢለኝስ?"

"እኔ ነኝ" አለች።

ከአፏ ሲወጣ ራሷም ሰማችው። ደረቷ ሞቅ አለ፤ ኩራት ነበር፣ የለየለት ኩራት፤ ልትደብቀውም አልሞከረች። ሥራ አስኪያጁ ፈገግ አሉና "ይሂድ" ብለው ወጡ። ነጎድጓድ ከመስታወቱ ወዲያ "ልጅቷን አያችኋት?" እያለ በንጉሥ ድምፁ ግድግዳውን አናወጠው።

ጆሮ ፋይሉን ሊዘጋ ወደ መጨረሻው ጽሑፍ ደረሰ። "እንደ ልማዳችን 'ትርጉም፣ በስቱዲዮው' ልበለው?" አላት ቀና ሳይል።

"ስሜን ጻፈው" አለች። "ከነአባቴ።"

ጆሮ ዞሮ አያት። "የአባትሽን ስም እኮ አንድ ቀን ነግረሽን አታውቂም።"

"እንግዲያው ተነሥልኝ" አለችው፤ ወንበሩ ላይ ተቀመጠችና፣ ስልኳን በትከሻዋና በጆሮዋ መሃል ይዛ አባቷ እስኪያነሣ እየጠበቀች፣ ስሙን ራሷ መጻፍ ጀመረች።