የሊቶሪና ሐዘን

ጋሽ ዓብዩ በሞቱ በሃያ ሁለተኛው ቀን፣ በድሬዳዋ ከዚራ ሰፈር የዋና ሐዘንተኛነት ማዕረግ ከልጃቸው ከኑሀሚን ተነሥቶ ለኤሊያቸው ተሰጠ።

ኤሊዋ ሊቶሪና ትባላለች። ስሙን ያወጡላት ራሳቸው ጋሽ ዓብዩ ናቸው። በእሳቸው ዘመን ከባቡሮቹ ሁሉ ፈጣኗ ሊቶሪና ነበረች፤ እሳቸው ደግሞ ሲቀልዱ ፊታቸው ንቅንቅ አይልም። ከሠላሳ ዓመት በፊት፣ የሀዲድ ጥገና ሠራተኛ ሳሉ፣ ሁርሶ አካባቢ ሀዲዱ መሃል ቆማ አገኟት። ቢያፏጩ፣ ቢጮኹ አልሄድም አለች። በሥራ ጃኬታቸው ጠቅልለው ይዘዋት መጡ፤ ከዚያ ወዲህ ከግቢው አልወጣችም። ኑሀሚን ልጅ ሆና "ወንድም እህት የለሽም?" ሲሏት "አንዲት አለችኝ፤ ብዙ ግን አታወራም" ትል ነበር።

አሁን ያቺ እህት ምግብ አቁማለች። ኑሀሚን ጠዋት ሰላጣ ታቀርብላታለች፤ ማታ የጠወለገውን ሰላጣ ታነሣለች። ካሮት ፈቅፍቃ ሞከረች፣ ሐብሐብ ቆርጣ ሞከረች። ሊቶሪና አንድ ዓይኗን በግማሽ ከፍታ ታየውና መልሳ ትከድነዋለች። ስታነሣት እንኳ እግሮቿን አታወራጭም፤ እንደ ድንጋይ ትነሣለች፣ እንደ ድንጋይ ትቀመጣለች።

ኑሀሚን አባቷን ማዳን አልቻለችም። የኩላሊት ነገር ነበር፤ ሐኪሞቹም አልቻሉም። ግን ሰላጣ የምትበላ አንዲት ኤሊ እንዴት ከእጇ ታመልጣለች? ይቺም ከሞተች በግቢው ውስጥ ከኑሀሚን ሌላ የአባቷን የእግር ኮቴ ለይቶ የሚያውቅ ነፍስ ያለው ነገር አይኖርም። ኑሀሚን ከምትሠራበት የልብስ ፋብሪካ የዓመት ፈቃዷን ወስዳ ቤት የተቀመጠችው ለሐዘኑ ነው ይባል እንጂ፣ ቀኑን ሙሉ የምታየው ኤሊዋን ነበር።

ነገሩ የተጀመረው በቀብሩ ማግስት ነው። የእድሩ ድንኳን ሌላ ለቅሶ ቤት ተተክሎ ስለነበር፣ ጎረቤታቸው ሾፌሩ ዐብዲሻኩር የጭነት መኪናውን ሸራ ተሸክሞ መጣ።

"መኪናዋ ጋራዥ ናት፣ ሞተሯ ወርዷል። ሸራው ቤት ተቀምጦ ምን ይሠራልኛል፣ አቦ!" አለና ከበረንዳው ብረት እስከ ኒሙ ዛፍ፣ ከኒሙ ዛፍ እስከ ግንቡ አጥር ወጥሮ ግቢውን ከላይ ደፈነው።

ለሦስት ቀን ነበር የተባለው። ሦስቱ ቀን አለፈ፣ ሰባቱም አለፈ። ሸራው ግን ጥላ ነው፤ ድሬዳዋ ላይ ጥላ ደግሞ በቀላሉ የሚነሣ ነገር አይደለም። በአቶ በሺር በረንዳ ላይ ይካሄድ የነበረው የሰፈሩ በርጫ ከነፍራሹ ከነትራሱ ወደ ለቅሶ ቤቱ ተዛወረ። በየቀኑ ስምንት ሰዓት ሲሆን ሰዎቹ ጫታቸውን በብብታቸው ሸጉጠው ይመጣሉ። በሩ ላይ ፊታቸውን ያጠቁራሉ፣ "አላህ ያጽናሽ"፣ "እግዜር ያጥናሽ" ይላሉ፣ ከዚያ ጫማቸውን አውልቀው ይጋደማሉ። ኑሀሚን ቀዝቃዛ ውኃ ታቀርባለች። ለቅሶ የደረሰን ሰው "መቼ ነው የምትሄደው?" ብሎ የሚጠይቅ ሰው በድሬዳዋ ገና አልተወለደም።

የበርጫው አንደበት አቶ በሺር ናቸው። ዕድሜያቸውን በባቡር ጣቢያ ቲኬት ሲሸጡ ስለኖሩ፣ ማንንም ፍጡር በትንሽ መስኮት አይተው ወዴት እንደሚሄድ መናገር እንደሚችሉ ያምናሉ። የሊቶሪናንም ሐዘን ያገኙት እሳቸው ናቸው። አሥር ሰዓት ገደማ፣ ምርቃናቸው ሲደርስ፣ ከትራሳቸው ቀና አሉ።

"ኑሀሚን! ይቺ ኤሊ ጠዋት የት ነበረች?"

"መኝታ ቤቱ በር ሥር ጋሼ።"

"ቀትር ላይስ?"

"አባባ የሚቀመጥበት ወንበር ጋ።"

"አሁን የት ናት?"

ሁሉም ዞረው አዩ። ሊቶሪና ወደ ውጭው በር ተጠግታ ተቀምጣለች።

"አያችሁ! ጠዋት ካደረበት ትፈልገዋለች፣ ቀትር ላይ ከተቀመጠበት ትፈልገዋለች፣ ከሰዓት ሬሳው የወጣበት በር ላይ ትጠብቀዋለች። ወላሂ ሰው እንዲህ አያዝንም።"

"ሰው" ሲሉ ዓይናቸው ኑሀሚን ላይ አረፈ። በቀብሩ ቀን ደረቷን አልደቃችም ነበር፤ ሰፈሩም ይህን መዝግቦ ይዟል።

ጎረቤቷ ሆዳን ይህንኑ በስልኳ ቀርጻ ቲክቶክ ላይ ለቀቀችው። በማግስቱ ከለገሃሬ መጡ፣ ከሳቢያን መጡ። ኤሊዋን አይተው ከንፈር ይመጣሉ፣ ፎቶ ይነሣሉ፣ ከዚያ ጥላው ጥሩ ነውና ይቀመጣሉ። አንዲት ሴትዮ ለሊቶሪና እያነባች ከቆየች በኋላ ወደ ኑሀሚን ዞራ "አንቺስ የማን ነሽ?" አለቻት።

"እኔ እህቷ ነኝ" አለች ኑሀሚን። ሴትዮዋ እሷንም ፎቶ አነሣቻት።

በሰፈሩ ስለ ኤሊዋ ሆድ እንጂ ስለ ልቧ የማይጨነቁት አዴ ሳዶ ብቻ ነበሩ። ቀፊራ ገበያ ላይ በለስና ቲማቲም ይሸጣሉ። ሁልጊዜ ከገበያ ሲመለሱ ሦስት አራት በለስ በፌስታል ያመጣሉ።

"ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ እኛ ዘንድ ፍየል እንዲህ ከሆነች ትታረዳለች እንጂ ለቅሶ አይቀመጡላትም" አሉ። ቀጥለውም "የእንስሳት ሐኪም ጥሪ" አሉ።

ጠራች። ሐኪሙ በሦስተኛው ቀን መጣ። ሊቶሪናን ገልብጦ አያት፣ መልሶ ገለበጣት፣ ከቦርሳው ቅጽ አወጣ።

"ግመል፣ ከብት፣ በግና ፍየል፣ ዶሮ፣ ንብ" አለ እያነበበ። "ኤሊ የለችም። ዶሮ ልበላት?"

"ዶሮ ብትላት ይሻላታል?"

"መድኃኒት ማዘዝ እችላለሁ።" ዶሮ ተባለች፤ የዶሮ ቫይታሚን ታዘዘላት፤ በውኃ በጥብጠሽ ስጫት ተባለ። አልጠጣችውም። ሐኪሙ ሸራውን ቀና ብሎ አይቶ "እንዴት ያለ ነፋሻ ቦታ ነው!" አለና ጫማውን አውልቆ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ከሰዎቹ ጋር ቃመ።

በዚህ መሃል አንድ ችግር ተፈጠረ፤ የአቶ በሺር ዓይን። ሸራው ገመድ የበላው ቀዳዳ ነበረበት፤ መዳፍ ያህላል። በዚያ የምትገባው ፀሐይ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ልክ አቶ በሺር ፊት ላይ ታርፋለች።

"ዐብዲሻኩር፣ ዋርያ፣ ይቺን ነገር አንድ በላት!"

ዐብዲሻኩር ይሉኝታ የሚገድለው ሰው ነው። በማግስቱ ጠዋት መሰላል አምጥቶ ቀዳዳውን በጎማ ለጥፎ ደፈነው። ግቢው በእኩል ደብዛዛ ሆነ። አቶ በሺር "አሁን ገና ለቅሶ ቤት መሰለ" አሉ።

ያን ቀን ሊቶሪና አልተንቀሳቀሰችም። መኝታ ቤቱ በር ሥር እንደነበረች ቀረች። ቀትር ላይ ወደ ወንበሩ አልሄደችም፣ ከሰዓት ወደ በሩ አልሄደችም። ጭንቅላቷን አስገብታ እግሮቿን ሰበሰበች። በማግስቱም እንዲያው ነበረች። ወሩ ታኅሣሥ ነው፤ በድሬም ማታ ማታ ብርድ ልብስ የሚወጣበት ወር። ኑሀሚን እጇን የኤሊዋ ድንጋይ ላይ ብታሳርፍ እንደ ሌሊት ሲሚንቶ ቀዝቅዟል።

በርጫው ግን ነገሩን ከመዝጋት ወደ ኋላ አላለም።

"አበቃላት" አሉ አቶ በሺር። "ተስፋ ቆርጣለች። የሚቀረው የት ትቀበር የሚለው ነው።"

"ከጋሽ ዓብዩ ጎን ነዋ" አለ አንዱ።

"ቤተ ክርስቲያን ኤሊ አይቀበርም።"

"ክርስቲያን ለመሆኗስ ማን ያውቃል?" አለ ዐብዲሻኩር።

"ሥጋ ቀምሳ የማታውቅ፣ የዕድሜ ልክ ጿሚ! ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ትፈልጋለህ?"

ኑሀሚን የውኃውን ጆግ ይዛ ቆማ ትሰማለች። "የሚቀረው" የሚለው ቃል ውስጧ ገብቶ ቀረ። ሆስፒታልም ውስጥ እንዲሁ ነበር የተባለው። በዚያን ጊዜ ራሷን ነቅንቃ ዝም ብላ ነበር። አሁን ቀና ብላ ሸራውን አየች፤ ልማድ ሆኖባት ነው። በፋብሪካው የጥራት ተቆጣጣሪ ናት። ሥራዋ ጨርቅ ብርሃን ላይ ዘርግቶ ቀዳዳ መፈለግ ነው፤ ቀዳዳ ያለበትን ጨርቅ ታወጣለች፣ የተለጠፈውንም ታውቃለች። ጎማው የተለጠፈበትን ቦታ አየችና ከዚያ ዓይኗን ወደ መሬት አወረደች።

ጠዋት ከቀዳዳው የምትገባው ፀሐይ መኝታ ቤቱ በር ሥር ነበር የምታርፈው። ስትጠርግ ብዙ ቀን አይታታለች። ቀትር ላይ ወንበሩ ጋ ነበረች። ዘጠኝ ሰዓት አቶ በሺር ፊት ላይ፣ አሥር ሰዓት ደግሞ በሩ አጠገብ።

ጆጉን መሬት ላይ አስቀመጠችው።

"ጋሼ በሺር" አለች። "ኤሊዋ አባባን አልነበረም የምትከተለው።"

"ማንን ነበር ታዲያ?"

"ፀሐይን።"

ሳቅ ተነሣ። "ድሬዳዋ ላይ! ፀሐይ ፍለጋ! አቦ፣ ፀሐይ የጠፋበት ሰው እዚህ አገር ታይቷል?" ይላሉ እርስ በርስ። ኑሀሚን ግን የአባቷን ወንበር ወደ አጥሩ እየጎተተች ነበር። ወጣችበትና የመጀመሪያውን ገመድ መፍታት ጀመረች።

"ምን ልታደርጊ ነው?"

"ሸራውን ላወርድ።"

"አርባው ሳይወጣ!" አቶ በሺር በክርናቸው ተነሡ። "ሐዘንን በእጅሽ ልታፈርሺ? ሰው ምን ይላል? አባቷን አልቅሳ ሳትጠግብ ግቢዋን ጠረገች አይልም?"

እጇ ቆመ። ይህን እሷም አስባው ነበር። ሸራው እስካለ ድረስ ቤቱ ገና ለቅሶ ቤት ነው፤ ሸራው ሲወርድ አባቷ የሌሉበት ተራ ግቢ ይሆናል፣ ጠዋት ተነሥታ ሥራ የምትሄድበት። እውነቱን ለመናገር፣ ለሰዎቹ ብላ ብቻ አልነበረም ዝም ያለችው።

ከዚያ መኝታ ቤቱ በር ሥር የተቀመጠችውን ድንጋይ የምትመስል ነገር አየች። ገመዱን ፈታችው። ሁለተኛው ግን አልፈታ አላት፤ የሾፌር ቋጠሮ ነው፣ ጥፍሯ ተሰበረ።

ዐብዲሻኩር ከፍራሹ ተነሣ። ሊከለክላት መስሏት ነበር። በአንድ እጁ ቋጠሮውን ሳብ ቢያደርገው ተፈታ።

"እኅቴ" አላት ዝቅ ባለ ድምፅ፣ "አትቀየሚኝና መኪናዬ ከተሠራች አሥራ ሁለት ቀኗ ነው። ጭነት በላስቲክ እየሸፈንኩ ነው የማመላልሰው። ከሐዘን ቤት ሸራ ላንሣ ብሎ የሚጠይቅ አፍ ግን ከየት ላምጣ?"

"እኔ ደግሞ ሸራህን ውሰድ ብዬ ላባርርህ?"

ተያዩ። ከዚያ ሁለቱም የቀሩትን ገመዶች ተሻምተው ፈቱ። ሸራው ወረደ፤ የታኅሣሥ ፀሐይ ሃያ ስምንት ቀን ሙሉ በራፍ ላይ ተጎልታ እንደቆየች እንግዳ ባንድ ጊዜ ገባች። ሰዎቹ ጫታቸውን ለጥላ ግንባራቸው ላይ ከድነው፣ አንድ እግር ጫማ እየፈለጉ ተበተኑ። አቶ በሺር በሩ ላይ ዞረው "እኛ ለአንቺ ብለን ነበር" አሉ። ምናልባትም እውነታቸውን ነው።

ኑሀሚን ሊቶሪናን ተሸክማ ግቢው መሃል ትኩሱ ሲሚንቶ ላይ አስቀመጠቻት። አዴ ሳዶ የሕፃን ማጠቢያ ሳፋ አምጥተው ለብ ያለ ውኃ ሞሉበት፤ እስከ አንገቷ ነከሯት። የመጀመሪያው ቀን ምንም አልሆነም። ሁለተኛው ቀን አንገቷን አውጥታ እግሮቿን ዘረጋች፣ ከሳፋውም ጠጣች። ሰላጣ ቀረበላት፤ አየችው፣ አለፈችው። ኑሀሚን ሌሊቱን አልተኛችም ማለት ይቻላል። ሦስተኛው ቀን ረፋድ ላይ የተላጠ በለስ ፊቷ ተቀመጠ። ሊቶሪና አንገቷን እየጎተተች ተጠጋች፣ አሰበች፣ ነከሰች። አፏ እስከ አገጯ ቀላ።

በማግስቱ ጠዋት፣ የአቶ በሺር ፍራሽ ይነጠፍበት በነበረው ቦታ ላይ፣ አነስ ያለ ጥቁር ነገር ተገኘ።

"አዴ ሳዶ! ነይ እዪ!"

አዴ ሳዶ የገበያ ዘንቢላቸውን እንደያዙ ገቡ። ሁለቱ ሴቶች ጎንበስ ብለው ያን የኤሊ ኩስ እንደ ወርቅ ይመለከቱት ጀመር።

"አልሐምዱሊላህ!" አሉ አዴ ሳዶ። "ሆዷ ተከፍቷል።"

በዚህ ጊዜ አቶ በሺር ጫታቸውን ይዘው፣ ጃንጥላ ዘርግተው በበሩ ሲያልፉ ቆም አሉ።

"በላች?"

"በላች ጋሼ። ብርድ ነው ይዟት የነበረው።"

አቶ በሺር ቀይ አፏን፣ ደግሞ መሬት ላይ ያለውን አዩ። ፊታቸው ላይ የወረደው የእውነት ሐዘን ነበር።

"ሠላሳ ዓመት አበላት" አሉ። "ሠላሳ ዓመት! እሷ ግን አርባውን እንኳ አልጠበቀችም። በበለስ ሸጠችው።" ራሳቸውን ነቀነቁ። "ሳቢያን አንድ ለቅሶ አለ፣ ልድረሳቸው። ድንኳኑ ሰፊ ነው አሉ።"

ሄዱ። ኑሀሚን ጎንበስ ብላ ሌላ በለስ አነሣች፤ እሾሁን በቢላዋ እየፋቀች፣ ሊቶሪና ወደ እግሯ ስትመጣ ጠበቀቻት።