የጉረኛው ልጆች

ባሌ ጎሚስታ ነው። ቀኑን ሙሉ ጎማ ሲፈታ፣ ሲለጥፍ፣ ሲነፋ ይውላል። አንድ ቀን ከሥራ ሲመለስ ውሃ የሞላበት ፌስታል እንደ አራስ ልጅ ደረቱ ላይ አቅፎ ገባ። ውስጡ ክብ ክብ ያሉ፣ ጀርባቸው ዥንጉርጉር የሆነ ሁለት ዓሦች ነበሩ።

«ፊኛ ዓሣ ነው የሚባሉት» አለኝ ዓይኑ እያበራ። «ሲደነግጡ ውሃ ይጠጡና እንደ ኳስ ይነፋሉ።»

«ጎማው አልበቃህ ብሎ ነው?» አልኩት።

እናቴ ከክፍሏ በር ላይ ቆማ ፌስታሉን በጎሪጥ አየችው። አባቴ ካረፈ ወዲህ የምትኖረው እኛ ጋ ነው፤ ግን «እኔ እዚህ እንግዳ ነኝ» እያለች ሳሎን አትቀመጥም። ምግቧን በልታ፣ ሳህኗን አጥባ፣ እኛን በየተራ ተቆጥታ ትገባለች። እንግዳ ሆና እንዲህ ከተቆጣች ባለቤት ብትሆን ምን ልንሆን ነበር እንባባላለን።

ባሌ ለዓሦቹ የገዛውን የመስታወት ገንዳ መስኮቱ አጠገብ፣ ጠንካራ የብረት ጠረጴዛ ላይ አቆመው። አሸዋ አነጠፈበት፣ ውሃ ውስጥ የሚበቅል ተክል ተከለበት፣ ጠፍጣፋ ድንጋይ አጋደመበት። የአየር መንፊያዋ ሞተር እዝዝ እያለች አረፋ ትለቃለች። ሴቷ ዓሣ ጭምት ስለነበረች «እሜቴ» አልናት። ወንዱ ግን ጉድ ነው። አብረውት እንዲኖሩ የገቡትን ትንንሽ ዓሦች ጅራት ጅራታቸውን እየቀነጠበ ጨረሳቸው። የውሃ ማሞቂያውን ገመድ ነከሰ። ቀንድ አውጣ ሲጣልለት ቅርፊቱን በጥርሱ ሲሰብረው ወጥ ቤት ድረስ ይሰማል። እናቴ አንድ ቀን «ውሃው አልቀዘቀዛቸውም?» ብላ ጣቷን ብትነክር፣ ቀጭ አደረጋት።

«ይሄ ጉረኛ!» ብላ ጮኸች። «ተነፍቶ ተነፍቶ ሲያበቃ ደግሞ ሰው ይነክሳል!»

ስሙ በዚያው ጸደቀ።

ጉረኛው እሜቴንም መቆሚያ መቀመጫ አሳጣት። ክንፏን ቦጭቆ ሲያደማት ባሌ ገንዳውን መሃል ለመሃል በመስታወት ከፈለው። ወራት እንዲሁ አለፉ። ከዚያ አንድ ሰሞን ጉረኛው ተለወጠ። ሆዱ ጠቆረ፣ ዓይኑ ቀላ፤ መስታወቱ ላይ ተለጥፎ ከእሜቴ ጋር ሲተያይ ይውል ጀመር። የእሷም ሆድ ሞልቷል። ባሌ ነገሩን ጠርጥሮ፣ መረቡን በአንድ እጁ እንደ ዱላ ይዞ መስታወቱን ቀስ ብሎ አነሳው። እኔ ዓይኔን ጨፈንኩ።

«ኧረ ተመልከቺ!» አለኝ።

አልነከሳትም። ጎን ለጎን ሆነው ገንዳውን ዞሩ፣ ከዚያ ድንጋዩ ላይ ተጠጋግተው ተኙና ሁለቱም ተንቀጠቀጡ። ያው ብዙም አልቆየ፣ መልሶ ያባርራት ጀመር። ባሌ «ደግሞ ሊገላት ነው» ብሎ መስታወቱን መለሰው።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ጉረኛው ከድንጋዩ አልነሳ አለ። ሆዱን አስጠግቶ ይተኛል፣ ክንፎቹን ብቻ ያርገበግባል። ምግብ ተወ። ባሌ ከሥራ ቦታ ሳይቀር እየደወለ «በላ?» ይለኛል። «አልበላም» ስለው በረጅሙ ይተነፍሳል። ታሟል ብለን ተስፋ ቆረጥን።

ነገሩን የነቃችበት እናቴ ናት። ሳህኗን ይዛ ስታልፍ ድንገት ቆመች።

«ኑ እስቲ፣ ኑ! ይሄን አላያችሁም?»

አንድ ቀንድ አውጣ ድንጋዩን እየታከከ ሲወጣ ጉረኛው በአፉ አነሳው። አሁን ይሰብረዋል ስንል፣ ተሸክሞት ጥግ ድረስ ሄደና ምንም ሳያደርገው ተፋው። ተመልሶም ተኛ።

«ይሄ አልታመመም» አለች እናቴ። «ታቅፏል።»

«ዓሣ ይታቀፋል እንዴ እማማ?» አላት ባሌ።

«ዶሮ ስትታቀፍ አይተህ አታውቅም? ይኸው፣ ክንፉን እየው። እያራገበላቸው እኮ ነው!»

ጋዜጣ የምታነብበትን አጉሊ መነጽር አምጥታ ገንዳው ላይ ደገነችው። ድንጋዩ ጤዛ ያደረበት ይመስል ነበር። ጤዛው ግን ዕንቁላል ነው፤ ከመስታወት የጠራ፣ ከጤፍ ብዙም የማይበልጥ። እያንዳንዱ ውስጥ ሁለት ጥቁር ነጥብ አለ። ዝም ብለን ስናይ ነጥቦቹ ዞሩ። ዓይኖች ነበሩ። ከሥራቸው ደግሞ የመርፌ ጫፍ የማታክል ቀይ ነገር ትመታለች፣ ትመታለች።

«ልብ ነው» አለ ባሌ በሹክሹክታ። ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ ሦስታችንም ከዚያ በኋላ ሳሎን ውስጥ ድምፃችንን ዝቅ አድርገን ነበር የምናወራው። እናቴም ወንበሯን አምጥታ ገንዳው ፊት ተቀመጠች። እንዳስተዋልን አላሳወቅናትም።

እንዲህ እንዳለን አንድ እሑድ ከምሳ በኋላ መብራት ጠፋ። ሞተሯ ዝም አለች፣ አረፋው ቆመ። መጀመሪያ አልተጨነቅንም። እየቆየ ግን ጉረኛው ክንፉን በኃይል ያርገበግብ፣ አፉን ይከፍት ይዘጋ ጀመር።

«አየር አጠረው» አለች እናቴ። «ልጄ፣ አንድ ነገር አድርግ እንጂ!»

ባሌ ብድግ ብሎ ወጣ። ከጎሚስታ ቤቱ ሲመለስ የተነፉ የመኪና ካላማዳሪያዎች፣ ጎማ ውስጥ የሚገቡትን ላስቲኮች፣ አንገቱና ትከሻው ላይ አጥልቆ፣ አንዱን እያንከባለለ ነበር። ጎረቤታችን ልብስ ሰፊው ደረጃው ላይ አይቶት «ልትዋኝ ነው?» ቢለው አልፎት ወጣ። የካላማዳሪያውን መንፊያ ከሞተሯ ቀጭን ቱቦ ጋር አገናኘ፣ አየሩ ቀስ እያለ እንዲወጣ ቱቦዋን በሽቦ ቆነጠጣት። ውሃው ውስጥ አንድ አረፋ ወጣች። ከዚያ ሌላ። ከዚያ መስመር ሠርተው ተከታተሉ።

አንዱ ሲጎድል ሌላውን እየተካን፣ እኔ ቱቦ ስይዝ፣ እሱ ሲያጠብቅ ሲያላላ፣ እናቴ «ቀጥሉ፣ ቀጥሉ» ስትል ዋልን። ፀሐይዋ በመስኮቱ አዘቅዝቃ ገንዳውን ወርቅ አስመስላዋለች። በዚያ መሃል ጉረኛው አንገቱን ደፍቶ አንድ ዕንቁላል በአፉ ወሰደ።

«በላው!» ብዬ ጮህኩ።

«ዝም በይ!» አለችኝ እናቴ።

ጉረኛው ከድንጋዩ ሥር አሸዋው ላይ ወደ ቆፈራት ጉድጓድ ወረደና አፉን ከፈተ። ከዚያ ቀንድ አውጣ ከሚፈጭ፣ ገመድ ከሚነክስ አፍ ውስጥ፣ ጭራና ሁለት ዓይን ብቻ የሆነ ነፍስ ያለው ነገር ከዕንቁላሉ ተፈልፍሎ እየተውተረተረ ወጣ። ተመለሰ። ሌላ አመጣ። አንዱንም ሳይጭር፣ አንዱንም ሳይጥል። መብራቱ መጥቶ ሞተሯ እዝዝ ስትል ማናችንም ቀና አላልንም።

ማሳደጉ ከዚያ የባሰ ሥራ ሆነ። ጫጩቶቹ ሆዳቸው ላይ ይዘውት የመጡትን ስንቅ ጨርሰው መዋኘት ሲጀምሩ፣ የሚበሉት በሕይወት ያለና የሚንቀሳቀስ ነገር ብቻ ነው። ባሌ በጠርሙስ ጨዋማ ውሃ ውስጥ ሽሪምፕ የሚባል የጨው ውሃ ፍጥረት ዱቄት የሚያህሉ ዕንቁላሎች ማስፈልፈል ለመደ። ያን ሲበሉ ሆዳቸው ብርቱካንማ ሆኖ ከውጭ ይታያል። እናቴ በመድኃኒት ማንጠብጠቢያ እየመጠጠች ታጎርሳቸዋለች፤ «አንተ በልተሃል፣ ዞር በል» ስትል ይሰማኛል። አባትዬው አመሉ ሲመለስበት በመስታወቱ ለየነው። ልጆቹም አባታቸውን ወጡ፤ ትልልቆቹ ትንንሾቹን ዋጡ፣ ደካሞቹ ሞቱ። የተረፉትን በየመጠናቸው ስንለያይ ወጥ ቤቴ ውስጥ ባዶ ብርጭቆ ጠፋ።

አንድ ጠዋት እናቴ ከሁሉም የምታንሰውን በማንኪያ ወደ ሌላ ብርጭቆ ልታዛውር ብድግ አደረገቻት። ማንኪያው ጠርዙን ነካና ቅጭል አለ። ምስር የማታክለዋ ጫጩት ደነገጠች። ውሃ ትስብ፣ ትስብ ጀመር፤ ሆዷ ተወጥሮ፣ ዓይኖቿ ወደ ጎን ተገፍተው ድብልብል አለች። እናትም አላሳደገቻት፣ አባትም አላሳያት፣ እንዲህ ሲያደርግ ያየችው ማንም የለም።

እናቴ ማንኪያውን እንደያዘች ደርቃ ቀረች። ባሌ ጫማውን ሊያስር እንዳጎነበሰ ቀና ብሎ ቀረ።

«ማን ነገረሽ?» አለቻት እናቴ በቀስታ። «እኮ ማን ነገረሽ?»

ጫጩቷ በማንኪያው ውሃ ላይ ተገልብጣ፣ ክብ እንደሆነች ቀስ እያለች ዞረች። ሦስታችንም ትንፋሻችንን ይዘን፣ እስክትተነፍስ ጠበቅናት።