ዶዘር ሸሸ

ዶዘር ሰው ሲመታ ደስ ይለው ነበር። ነገሩ ይኸው ነው፤ ማሳመሪያ የለውም። መጠጥ እስከዚህም አይወድም፣ ሴት አያሳድድም፣ የሰው ንብረት ላይ ዓይኑን አይጥልም። ግን ቡጢው የሰው ጉንጭ ላይ ሲያርፍና ከሥር ያለው አጥንት ሲሰማው፣ ከክንዱ ተነስቶ ሆዱ ድረስ የሚወርድ ሙቀት ነበረ። ለዚያ ሙቀት ሲል ያልገባበት ጠብ የለም። ሥራው ባትላሜራ ነው፤ ተጋጭቶ የተጨማደደ መኪና ቀጥቅጦ ያቃናል። ቀኑን ሙሉ መዶሻ ሲያነሳና ሲጥል ስለሚውል ትከሻው በር ያክላል፣ ቅጽል ስሙም የወጣለት ከዚያ ነው። "ስትመታ ውለህ እንደገና ለመምታት ትወጣለህ? አይሰለችህም እንዴ?" ሲሉት "ብረት አይጮህማ" ብሎ ይመልሳል። ሰው ይስቃል። እሱ ግን እየቀለደ አልነበረም።

ይህን የሚያውቁት የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌ ቄስ ብቻ ነበሩ። ዶዘር መናዘዣው ውስጥ እየተንበረከከ በወንፊቷ መስኮት ያንኑ ይደግምላቸዋል። መታሁ፣ ጥርሱን አወለቅኩ፣ ተጸጸትኩ። አንድ ቀን አባ ሰምተውት ሲያበቁ፣ "የቡጢው ወሬ በቃኝ" አሉት። "ቡጢው ላይ ከደረስክ ወዲያማ ማን ያቆምሃል? ከዚያ በፊት ያለውን ንገረኝ። የት ነበርክ?"

"ከአውቶቡስ መናኸሪያው ጀርባ ያለው መጠጥ ቤት፣ አባ።"

"መጠጥ ትወዳለህ?"

"ኧረ አልወድም።"

"ታዲያ ምን ልትሠራ ገባህ?"

አባ መልሱን ሳይጠብቁ ቀጠሉ።

"ንስሐ በገባህ ቁጥር ወደ ኃጢአት ከሚወስደኝ አጋጣሚ እርቃለሁ ትላለህ። የሚለው አፍህ ብቻ ነው ወይስ እግርህም ይሰማል?"

ከዚያ ወዲህ መጠጥ ቤቱን ተወ። በዚያ በኩል ማለፉንም ተወ። የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት እጁን እንደ እከክ በላው፤ ማታ ማታ ትራሱን በቡጢ እየነረተ ይተኛ ነበር። ቀስ በቀስ ግን ቀለለው። ብዙ ወራት ሰው ሳይነካ ከረመ፤ በራሱም መመካት ጀመረ።

እንዲህ ሆኖ ሳለ አንድ ቀን ከምሳ በኋላ ስልኩ ጮኸ። የእህቱ ጎረቤት ናት። "ቶሎ ድረስላት፣ ዛሬስ ሊገድላት ነው!"

የእህቱ ባል የከባድ መኪና ሹፌር ነው። ከመንገድ በተመለሰ ቁጥር ቤቱ ይታመሳል። ጋራዡ ውስጥ አብሮት የሚሠራው ቀለም ቀቢ፣ በዕድሜ የሚበልጠው ሰው፣ ነገሩን ሲሰማ መርጫውን አስቀመጠ። "ፖሊስ ጣቢያው ይኸው እዚህ ጥጉ ላይ ነው። ፖሊስ ይዘን እንሂድ፤ እኔም አብሬህ ልምጣ።"

"እነሱ እስኪነሱ ትሞታለች፣ ጋሼ። ብቻዬን እሄዳለሁ።"

ሰዓቱን ከእጁ ፈትቶ ኪሱ ከተተና ወጣ። ትንፋሹን እንዳይጨርስ በሩጫ ሳይሆን በእርምጃ ሄደ። ደረቱ ውስጥ አንድ ነገር ይዘፍን ነበር። በስንት ጊዜው ፈቃድ አገኘሁ አለ በልቡ።

ሲደርስ ዱላው አብቅቷል። እህቱ ወለሉ ላይ ተቀምጣ አፍንጫዋን በፎጣ ይዛለች፤ ፎጣው በደም ርሷል። ሹፌሩ አልጋው ጫፍ ላይ ራሱን ይዞ ተቀምጧል። ዶዘርን ሲያይ ተነስቶ ሁለት እጁን ወደ ፊት ዘረጋ።

"አጥፍቻለሁ፣ ወንድሜ። ቁጭ በልና እንነጋገር።"

"ወንድምዬ፣ በቃ ውሰደኝ" አለች እህቱ። "ከዚህ ቤት አውጣኝ።"

ሊያወጣት ይችል ነበር። በሩ ክፍት ነው፤ ሹፌሩም አልከለከለውም። "አንዴ ቆይ፣ እታለም" አላትና መታ።

የመጀመሪያው ቡጢ መንጋጋውን ሰበረው፤ ድምፁ የደረቀ ጭራሮ ሲቀነጠስ ይመስል ነበር። ሹፌሩ ተንገዳግዶ ቡፌው ላይ ወደቀ፤ መስታወቱ ረገፈ፣ ሰሃኖቹ በላዩ ዘነቡበት። ዶዘር በኮሌታው አንስቶ ደገመው፣ ሠለሰው። ሰውየው መከላከሉን ትቶ እጆቹ እንደ ጨርቅ ተንጠልጥለዋል፤ ካፉ ደምና የጥርስ ስባሪ ይወርዳል። "በቃ!" የሚል ድምፅ ዶዘር ሰምቷል። ሰምቶም ቀጠለ። ያ ሙቀት ሆዱ ደርሶ ነበር። በዚህ መሀል አንድ ሰው ከኋላ ክንዱ ላይ ተንጠለጠለበት። ማን እንደሆነ እንኳ ዞር ብሎ ሳያይ ባለ በሌለ ኃይሉ አሽቀነጠረው።

የተሽቀነጠረችው እህቱ ነበረች። ክንዷ የብረት አልጋው ጠርዝ ላይ አርፎ ከክርኗ በላይ፣ መታጠፍ በሌለበት ቦታ ታጠፈ። አልጮኸችም። መጀመሪያ ክንዷን አየችው፤ ከዚያ ቀና ብላ ወንድሟን አየችው።

"አንተም?" አለችው።

ሹፌሩ መንጋጋው በሽቦ ታስሮ ሆስፒታል ተኛ። እሷ ክንዷን በጀሶ ተጠቅልላ እናታቸው ቤት ገባች፤ ዶዘር ታስሮ በዋስ እንደተፈታ ሊጠይቃት ቢሄድ በር አልከፈተችለትም። ሰፈሩ ግን በአንድ እግሩ ቆሞ አመሰገነው። "ወንድም ማለት እንዲህ ነው!" እያለ የሚጨብጠው ብዙ ነው። "ላሜራ መሰለህ እንዴ የቀጠቀጥከው?" እያሉ ይስቃሉ። ምስጋናው ጣፈጠው። መጣፈጡ ራሱን አስደነገጠውና ወደ አባ ሄደ።

"ለእህቴ ስል ነው" ብሎ ጀመረና ስልኩ ከጮኸበት አንስቶ የሆነውን ሁሉ ሳያስቀር ተረከላቸው።

"ሰዓትህን ለምን ፈታህ?"

"ስመታ እንዳይሰበርብኝ።"

"አብሬህ ልምጣ ያለህን ሰው ለምን እምቢ አልከው? ልትሞት ነው ብለህ ለምን አልሮጥክም?"

ዶዘር ግንባሩን ወንፊቱ ላይ አስደግፎ ማልቀስ ጀመረ። አባ አላባበሉትም። "ሌላው ሰው ቆሞ ሊታገል ይችል ይሆናል" አሉት። "አንተ አትችልም፣ ልጄ። አንተ የምትድነው በእግርህ ነው። ነገሩ ሲመጣ ካየኸው ሽሽ። ሰው ይሳቅብህ፣ አንተ ግን ሽሽ።"

ሹፌሩ መንጋጋው እንደገጠመ ጋራዡ ድረስ መጣ። ዶዘር የመኪና ጎማ የሚሸፍን አንድ ፓራፋንጎ ላይ ጎንበስ ብሎ፣ በግራ እጁ ከሥር ደጋፊውን ብረት ይዞ፣ በቀኙ እየቀጠቀጠ ነበር። ጫጫታው ኮቴ አያሰማም። የመጀመሪያው ምት ግራ እጁ ላይ አረፈ፤ ጎማ መፍቻ ብረት ነበር። ጣቶቹ ላሜራው ላይ ተጨፈለቁ። ዞር ሲል ሁለተኛው ጆሮ ግንዱን አገኘውና ዓለም ጭው አለበት።

"የታለ ጉልበትህ?" አለ ሹፌሩ በተጣመመ አፉ። "ና እንጂ!"

መዶሻው ዶዘር ቀኝ እጅ ውስጥ ነበር። የሰውየው ራስ አንድ ክንድ ይርቃል። ሠራተኛው ሁሉ ሥራውን ጥሎ "በለው! ዶዘር፣ በለው!" ይላል። ሕጉም ከእሱ ጋር ነው፤ ራሱን ቢከላከል ማን ይፈርድበታል? ያ ሙቀት ከክንዱ ተነሳ። ሲነሳ አወቀው።

መዶሻውን ለቀቀና ሮጠ።

ደሙ በአንገቱ እየወረደ፣ የተጨፈለቀ እጁን ደረቱ ላይ አቅፎ፣ ያ የሚያክል ሰውነት በጠራራ ፀሐይ መሀል መንገድ ላይ ሮጠ። ሹፌሩ ከኋላው ነው። ብረቱ አንዴ ጀርባውን አገኘው፣ ወደቀ፣ በጉልበቱ ድሆ ተነሳ። ባለ ሱቁ ከነደንበኞቹ ደጅ ወጣ። "ዶዘር ሸሸ! ኧረ ኑ እዩ፣ ዶዘር ሸሸ!" ሳቁ ከብረቱ ይልቅ አመመው። ሁለት ጊዜ ሊመለስ አሰበ፤ ሁለቴም እግሩን አላቆመም። ፖሊስ ጣቢያው ውስጥ ዘሎ ገባና አግዳሚው ላይ ወደቀ፤ ሹፌሩም ብረቱን እንደጨበጠ በሩ ላይ ተያዘ። ተረኛው ፖሊስ ዶዘርን ከላይ እስከ ታች አየው። "እንዴ፣ አንተ ነህ እንደዚህ የምትንቀጠቀጠው? ይሄን ያህል ፈራኸው?"

"እሱን አይደለም የፈራሁት" አለ ዶዘር።

ሁለቱ ጣቶቹ መታጠፍ ስላቃታቸው ደጋፊ ብረት መያዝ አልቻለም፤ መዶሻውን ለሌላ አስረክቦ ከቀለም ቀቢው ሥር ስቱኮ በብርጭቆ ወረቀት የሚያለሰልስ ሆነ። በአንድ ጆሮውም አይሰማም። መንገድ ላይ "ሩጫ እንዴት ነው?" የሚለው አይጠፋም።

አንድ ጠዋት እህቱ ጋራዡ በር ላይ ቆመች። ጀሶው ወልቆላታል፤ ክንዷ ግን ቀጥ አይልም።

"ሸሸ አሉኝ" አለች።

"አዎ።"

"እቃዬን ከቤቱ ላወጣ ነው። እሱም በዋስ ወጥቶ እዚያው ነው ያለው። ትመጣለህ?"

"አልመጣም።"

"ወንድሜ አይደለህም እንዴ?"

"ቀለም ቀቢው ጋሼ ከፖሊስ ጋር ይምጣልሽ። እኔ እዚያ በር ከገባሁ ራሴን አላውቅም።"

"ክንዴን ስትሰብረው ምንም አልፈራህም ነበር" አለችው በምሬት።

"ስላልፈራሁ ነው የሰበርኩት።"

 ከዚያ ቀለም ቀቢውን አስከትላ ሄደች።

ዶዘር ያን ቀን የአንዱን መኪና ኮፈን፣ የሞተሩን ክዳን፣ ሲፈገፍግ ዋለ። ሐሳቡ ግን እዚያ ቤት ነበር፤ ስንት ጊዜ ወረቀቱን ጥሎ እስከ በሩ ሄዶ ተመለሰ። አመሻሹ ላይ እህቱ ብቻዋን መጣችና የተገለበጠ ጎማ ላይ ተቀመጠች። ፊቷ ቀልቷል።

"ነካሽ?"

"አልነካኝም። ፖሊሱ መሀላችን ቆሞ ነበር። ግን መንገዱን ሙሉ ሲሰድብ ነበር የሸኘን።"

"ማንን?"

"አንተን።"

ዶዘር እጁ ቆመ። "ምን አለ?"

"ተወው።"

"ንገሪኝ እንጂ፣ ምን አለ?"

"አልነግርህም፤ እግርህ ወደዚያ ይዞራል" አለች እህቱ። እንደገና ሊጠይቃት አፉን ሲከፍት ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ስለ ቁም ሳጥኑ ታወራለት ጀመር። እናታቸው ክፍል እንደማይገባ፣ በሩን መንቀል ሳያስፈልግ እንደማይቀር፣ አንዱ እግሩም ሲያወርዱት እንደተሰበረ፤ እያወራች ብሩሽ መዘፍዘፊያውን ቆርቆሮ በእግሯ ገፋ አድርጋ ጠጋ አለችው።